ስለ ተከፈተ ደብዳቤ

ክርክር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እውነትን ለማግኘት የሚደረግ ነው፤ ሁለተኛው ተቃዋሚን ዝም ለማሰኘት የሚደረግ ነው። ሁለቱም «ስለዚህ» በሚል ቃል ስለሚደመደሙ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው ከ«ስለዚህ» በፊት የተነገረውን አንድ በአንድ እየፈቱ የመረመሩት እንደ ሆነ ነው። እኔም በመምህርነት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ተማሪዎቼን ላስተምር የሞከርኩት ይህንኑ መመርመር ነበር። ነገር ግን ዛሬ በማነሣው ጉዳይ፣ ይኸውም አንዱ የሌላውን ገመና ለመመልከት ሥልጣን ይኑረው ወይስ አይኑረው ተብሎ በሚደረገው ክርክር፣ እኔ ራሴ መጀመሪያ ተረቺ፣ በኋላም አሳሳች ሆኜ ተገኝቻለሁ። ስለዚህ የሌላውን ታሪክ ከመጥቀሴ በፊት የራሴን ልናገር።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ነበርኩ። ከየቤታችን የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ አስቀድሞ በአዳሪዎች ኃላፊ እጅ ተከፍቶ ይነበብ ነበር። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለእኛ መልካም አሳቢ ነበሩ። አንድ ቀን እናቴ በደብተራ እጅ አስጽፋ የላከችው ደብዳቤ ደረሰ። አባቴ ለዕዳ ሲል የእርሻውን በሬ እንደ ሸጠ ትነግረኝና «ይህን ለሰው አታውራ» ትለኝ ነበር። በዚያው ምሽት ኃላፊው በጸሎት ሰዓት ቆመው የቤታችንን ችግር ለመቶው አዳሪ ሁሉ ገለጹና ስለ እኛ እንዲጸለይ አሳሰቡ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። በማግስቱ ፈራ ተባ እያልኩ «ጌታዬ፣ ደብዳቤዬን እኔ አስቀድሜ ባነበው ምናለ?» ብዬ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ የምትደብቀው ክፉ ነገር ከሌለህ ለምን ትከፋለህ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ፤ መልስ ማጣቴንም እንደ መረታት ቈጠርኩት።

ለእናቴ የሆነውን ነገርኳት። ከዚያ በኋላ የምትልከው ደብዳቤ ሁሉ «እኛ ደኅና ነን» ብቻ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ክረምት ታማ ከአልጋ ወድቃ ከርማ ኖሮ እኔ የሰማሁት ድና ከተነሣች በኋላ ነው። ለምን አላስጻፍሽልኝም ብላት «ደብዳቤዬ በአደባባይ ይነበባል ብለኸኝ የለም ወይ?» ብላ መለሰችልኝ። እንግዲህ ደብዳቤው ሁሉንም ለማወቅ ሲባል ተከፈተ፤ ከተከፈተ ወዲህ ግን እውነት የሚባል ነገር አልተጻፈበትም።

የኃላፊውን ጥያቄ ለመመለስ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። መልሱንም ያገኘሁት ታሪክ ሳስተምር ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

በእንግሊዝ አገር በ1763 ዓ.ም. የመንግሥቱ ሚኒስትር ሎርድ ሃሊፋክስ ንጉሡን የነቀፈ አንድ ጋዜጣ ቢወጣ፣ የሰው ስም ያልተጻፈበት ትእዛዝ ሰጡ። ትእዛዙ የጋዜጣውን ደራሲዎች፣ አታሚዎችና አውጪዎች ያዙ ይላል እንጂ እገሌን ያዙ አይልም። በዚህም ትእዛዝ 49 ሰዎች ተያዙ። የእኛም አባቶች ይህን የመሰለ ነገር ያውቁ ነበር። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ በሚሉት ሥርዐት የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይገባ ይከለከል ነበር። በሌባሻይ ደግሞ መድኀኒት የጠጣው ልጅ ሮጦ የወደቀበት ቤት ባለቤት ዕዳ ከፋይ ይሆን ነበር። በእነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ነገር አለ። አስቀድሞ ሁሉም ሰው ተጠርጣሪ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ንጹሕ መሆኑን እንዲያስረዳ የሚገደደው እርሱ ራሱ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ኖቬምበር 11 ቀን 1762 ዓ.ም.፣ በዚሁ ሚኒስትር ትእዛዝ አራት የንጉሥ መልእክተኞች ጆን ኤንቲክ በሚባል ጸሐፊ ቤት ገብተው ነበር። አራት ሰዓት ያህል ቈይተው ሣጥኑንና መሳቢያውን ሰብረው ወረቀቱን ሁሉ በረበሩ፤ ብዙውንም ይዘው ሄዱ። ኤንቲክ ግን እንደ እኔ አንገቱን ደፍቶ አልቀረም፤ መልእክተኞቹን ከሰሳቸው። በ1765 ዓ.ም. ዳኛው ሎርድ ካምደን የሰጡት ፍርድ ዛሬም በሕግ ተማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ እኔ ግን ከሕግነቱ ይልቅ በማመዛዘን ትምህርትነቱ እወደዋለሁ። ምክንያቱም የተከሳሾቹ ጠበቆች ያቀረቧቸው ምክንያቶች ዛሬ በየቡና ቤቱ ከምንሰማቸው አይለዩም።

ጠበቆቹ መጀመሪያ «ይህ አሠራር የቈየ ልማድ ነው፤ እስከ ዛሬም የተቃወመ የለም» አሉ። ዳኛው ዝም ያሉት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ መረመሩ። ዝም ያለው በደል ያለበት ሰው ወይም ድኻ ነው፤ ዝምታውም ኃይልንና ቅጣትን ከመፍራት የመጣ እንጂ ፈቃድ ሊባል አይችልም አሉ። አንባቢ ሆይ፣ «ማንም አልተቃወመም» የሚል ሰው ባጋጠመህ ጊዜ «የተቃወመ ሰው ምን ይደርስበት ነበር?» ብለህ ጠይቅ።

ቀጥሎም ጠበቆቹ «ለመንግሥት ደኅንነት አስፈላጊ ነው» ብለው ተከራከሩ። ዳኛው ሕጉ እንዲህ ያለውን ልዩነት እንደማያውቅ ገለጹ። አንድ ነገር ይጠቅማል ማለት ሌላ፣ የተፈቀደ ነው ማለት ሌላ ነው። ወረቀት መበርበር ጥፋተኛን ለማግኘት የሚጠቅም ከሆነ ነፍሰ ገዳይንና ወንበዴን ለማግኘትም ይጠቅም ነበር፤ ሆኖም ሕጉ ከጽሑፍ ነቀፋ እጅግ ለሚከፉት ለእነዚህ ወንጀሎች እንኳ ማስረጃ ፍለጋ የሰው ወረቀት እንዲበረበር አልፈቀደም፤ እንዲህ ያለው ብርበራ ንጹሑንም በደለኛውንም እኩል ያገኛልና። በመጨረሻም ፍርዱ ለኤንቲክ ሆነ፤ 300 ፓውንድ ካሣም ተወሰነለት።

በዚህ ፍርድ ውስጥ ለልጅነቴ ጥያቄ የሚሆን መልስ አገኘሁ። ኃላፊው የጠየቁኝ «ምን ትደብቃለህ?» ብለው ነበር። በትክክለኛ ሙግት ግን አስቀድሞ የሚጠየቀው የደብዳቤው ባለቤት ሳይሆን ደብዳቤውን የከፈተው ሰው ነው። በማን ሥልጣን፣ በምን ምክንያት፣ እስከ ምን ድረስ ከፈትህ? የማስረዳቱ ሸክም በከፋቹ ላይ ነው። «የማይደብቅ አይፈራም» የሚለው ቃል ያንን ሸክም በብልሃት አንሥቶ በባለቤቱ ጫንቃ ላይ ያስቀምጠዋል። ሌላም ስሕተት አለበት፤ ገመናንና ወንጀልን አንድ ያደርጋል። በሬ መሸጥ ወንጀል አይደለም፤ የእናቴ ገመና ነበር እንጂ። ቋንቋችን ለሁለቱ ሁለት ቃል የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሆኖም አሳሳች ምክንያት የሚያቀርቡት ባለሥልጣኖች ብቻ ናቸው ያልን እንደ ሆነ እኛም እንሳሳታለን። ለዚህ ምስክር የሚሆን በዚያው በእንግሊዝ አገር በ1844 ዓ.ም. የሆነ ነገር አለ። ጆሴፔ ማዚኒ የተባለው የኢጣልያ አርበኛ በዚያን ጊዜ በለንደን በስደት ይኖር ነበር። ደብዳቤዎቹ እየተከፈቱ ነው ብሎ ስለ ጠረጠረ ነገሩን ሊፈትን አሰበ። ለወዳጆቹ ነግሮ በሚላክለት ፖስታ ውስጥ ደቃቅ ዘር፣ የፀጉር ዘለላና የአሸዋ ቅንጣት እንዲጨመር አደረገ። ደብዳቤው ሲደርሰው ዘሩም ፀጉሩም አሸዋውም የሉም። በዚህ የማዚኒ ብልሃት መምህራን ሁሉ ሊደሰቱ ይገባል፤ ጥርጣሬን እንደ ማስረጃ ከመቍጠሩ በፊት ፈትኖታልና።

ጁን 14 ቀን ቶማስ ዳንኮምብ የተባሉ የፓርላማ አባል የማዚኒንና የጓደኞቹን አቤቱታ ለምክር ቤቱ አቀረቡ። የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ሰር ጄምስ ግራሃም ከአቤት ባዮቹ የአንዱን ደብዳቤ ለመክፈት ትእዛዝ መስጠታቸውን አመኑ፤ ከዚያ በላይ ለመናገር ግን አልፈቀዱም። ከ1711 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው የፖስታ ሕግ ለሚኒስትሩ ሥልጣን ይሰጣልና መልሳቸው ከሕግ ጋራ የሚቃረን አልነበረም። ስሕተቱ የነበረው በሌላ ስፍራ ነው። ሥልጣኔን በደንብ ሠርቼበታለሁ፤ በደንብ መሥራቴን የሚያስረዳው ነገር ግን ምሥጢር ነው፤ ስለዚህ እመኑኝ ማለት የክርክር መልክ ያለው ዝምታ ነው። በገዛ ጉዳዩ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ ምስክር የሚሆን ሰው ምናልባት እውነቱን ይናገር ይሆናል፤ እኛ ግን የምናውቅበት መንገድ የለንም።

የእንግሊዝ ሕዝብ ተቈጣ። ታዋቂው ደራሲ ቶማስ ካርላይል በታይምስ ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ ጽፎ የሰው ደብዳቤ መክፈትን ከኪስ አውላቂነት ጋራ አስተካከለው። ፓርላማውም በሁለቱም ምክር ቤቶች መርማሪ ሸንጎ አቆመ። በምርመራውም ከማዚኒ ደብዳቤዎች የተገኘ ወሬ ለውጭ መንግሥት እንደ ተላለፈ ታወቀ።

በዚህ መካከል ከኢጣልያ አሳዛኝ ወሬ መጣ። ባንዲዬራ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ሕዝቡን ለነጻነት ለማስነሣት ጁን 16 ቀን በካላብሪያ ባሕር ዳርቻ ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋራ ወርደው ኖሮ ተያዙ፤ ጁላይ 25 ቀን 1844 ዓ.ም. ከሰባት ጓደኞቻቸው ጋራ በጥይት ተደበደቡ። ወንድማማቾቹ ከማዚኒ ጋራ ይጻጻፉ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው «ሚኒስትሩ ደብዳቤውን ከፈቱ፤ ባንዲዬራዎች ሞቱ፤ ስለዚህ ሚኒስትሩ ገደሏቸው» አለ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በል። ልብህ ወደ ማዚኒ እንደሚያዘነብል አውቃለሁ፤ የእኔም ልብ ወደዚያው ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ከሌላው በኋላ ስለ መጣ በእርሱ ምክንያት መጣ ማለት አይደለም። ባንዲዬራዎችን አሳልፎ የሰጣቸው አብሯቸው ከመርከብ የወረደ የገዛ ጓደኛቸው ነበር። የደብዳቤው መከፈት ለሞታቸው ምክንያት መሆኑ አልተረጋገጠም። ማዚኒን ለመርዳት የቀረበው ይህ ምክንያት በእርግጥ የጎዳው ማዚኒን ነው። ሚኒስትሩ የማይመልሱትን ጥያቄ ትቶ፣ ሊመልሱት የሚችሉትን ክስ አቀረበላቸው። «በምን ምክንያት ከፈትህ?» የሚለው ጥያቄ ማንም ባይሞት እንኳ ጥያቄ ነው። የሆነው ሆኖ በዚያው ዓመት በፖስታ ቤቱ ውስጥ የውጭ አገር ደብዳቤ ይከፍት የነበረው ምሥጢራዊ ክፍል ተዘጋ፤ ለሚኒስትሩ ሥልጣን የሚሰጠው ሕግ ግን እንዳለ ቀረ።

ሦስተኛው ምስክሬ ከሆላንድ ነው። የሆላንድ መንግሥት የሕዝቡን መዝገብ በመልካም ሥርዐት ይዞ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ አለው፤ በካርዱም ላይ ስሙ፣ አድራሻውና ሃይማኖቱ ተጽፏል። ይህ ሁሉ የተሰበሰበው ለተራ የአስተዳደር ሥራ እንጂ ለክፋት አልነበረም። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው «ሃይማኖቴን ለምን ትጽፋላችሁ?» ቢል «የምትደብቀው አለህን?» መባሉ የማይቀር ነው። ያም ሰው የሚደብቀው አልነበረውም።

ሜይ 10 ቀን 1940 ዓ.ም. የናዚ ጀርመን ጦር አገሩን ወረረ። መዝገቡም በአንድ ሌሊት ጌታ ለወጠ። በ1941 ዓ.ም. አይሁድ ሁሉ እንዲመዘገቡ ታዘዘ፤ ለሕዝቡም የመታወቂያ ወረቀት ታደለ። በሆላንድ ከነበሩት 140,000 ያህል አይሁድ ከ100,000 በላይ የሚሆኑት ተገደሉ። የክፋቱን መሣሪያ የተረዱ ጥቂት አርበኞች ማርች 27 ቀን 1943 ዓ.ም. የፖሊስ ልብስ ለብሰው በአምስተርዳም የመዝገብ ቤት ገቡና በፈንጂና በእሳት አቃጠሉት። ከካርዶቹ የተቃጠለው ከፊሉ ብቻ ነው። ቪለም አሮንዴውስ የተባለው ሠዓሊና ጸሐፊ ጭምር ከእነርሱ አሥራ ሁለቱ ጁላይ 1 ቀን ተረሸኑ።

አይሁድን የገደላቸው መዝገቡ ነው አልልም፤ እንዲህ ብል ቅድም በባንዲዬራዎች ነገር የነቀፍኩትን ስሕተት ራሴ መሥራቴ ነው። የገደሏቸው ገዳዮቹ ናቸው፤ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበር። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ «የማይደብቅ አይፈራም» የሚለው ክርክር ዛሬ የሚያነበው ሰው ነገም እርሱ ራሱ እንደሚሆን፣ ዛሬ ንጹሕ የተባለውም ነገር ነገ ንጹሕ ተብሎ እንደሚቀር አድርጎ ያስባል። ሰብሳቢው ደግ መሆኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን ደግነቱን ለተከታዩ ሊያወርስ አይችልም፤ መዝገቡን ግን ያወርሰዋል።

ብዙ ያየ ብዙ ያውቃል የሚሉም አሉ። የምሥራቅ ጀርመን የጸጥታ ሚኒስቴር በ1989 ዓ.ም. ወደ 91,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ነበሩት፤ በምሥጢር ወሬ የሚያቀብሉትም ከዚህ እጅግ ይበዙ ነበር። የተዋቸው ፋይሎች በመደርደሪያ ቢሰለፉ ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣሉ። ይህ ሁሉ ወረቀት የበርሊን ግንብ ኖቬምበር 9 ቀን ሲከፈት መንግሥቱን አላዳነውም። ሕዝቡ እንደ እናቴ «ደኅና ነን» ማለትን ተምሮ ነበርና።

ዛሬ ደብዳቤ በፖስታ የሚልክ ጥቂት ነው። ደብዳቤያችን በስልካችን ውስጥ ነው፤ በየመንገዱና በየሱቁም ደጃፍ ካሜራ ተሰቅሏል። ክርክሩ ግን ልብሱን ለወጠ እንጂ ያው ነው። «ፖሊስ በአደባባይ ቆሞ ያየን የለም ወይ? ካሜራውም እንደ ፖሊሱ ነው» ይባላል። ይህ ምሳሌ ግማሹ እውነት ነው። ፖሊሱ ያያል፤ ያየውንም ይረሳል፤ እኛም እርሱን እናየዋለን። ካሜራው ግን ያየውን ሁሉ ያስቀምጣል፤ ከበስተኋላው ማን እንደ ተቀመጠም አናውቅም። ምሳሌ የሚሠራው በሚመሳሰሉበት ነገር ብቻ ነው፤ ክርክሩ ያለው ግን በሚለያዩበት ላይ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ጠባቂ በቆመበት ስፍራ ሁሉ «እስር ቤት ሆነ» እያለ የሚጮህ አለ። እርሱም እንደ ፊተኛው ተሳስቷል። ልጁ የጠፋበት አባት በካሜራ ምስል ልጁን ቢያገኝ እሰየው ነው። የተጠረጠረ ሰው ስሙ ተጽፎ፣ ምክንያቱ ተገልጾ፣ ዳኛ አይቶት ቢፈተሽ ሕግ ተፈጸመ እንጂ ነጻነት አልፈረሰም። ወይ ደኅንነትን ወይ ገመናን ምረጡ የሚለን ሰው ሁለት በር ብቻ አሳይቶ ሦስተኛውን የዘጋብን ነው። ሦስተኛው በር ሕግ ነው። በአገራችንም ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት፣ ሕግ ካልፈቀደ በቀር የሰው ቤት እንዳይፈተሽና ደብዳቤው እንዳይታይ ደንግጎ ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 ከደብዳቤ ሌላ ስልክን ጭምር ይጠብቃል። ነገር ግን አንቀጽ ራሱን አይጠብቅም፤ ሰዎች በክርክር እየሸነገሉ እንዳያልፉት የሚጠብቀው ማመዛዘንን የሚያውቅ ሕዝብ ነው።

አሁን ደግሞ መጀመሪያ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። በክፍለ ሀገር ሳስተምር በአዳሪዎች ክፍል የአንድ ተማሪ 30 ብር ጠፋ። እኔ ኤንቲክን ያስተማርኩ፣ ማዚኒን ያስተማርኩ ሰው፣ የአርባውንም ልጅ ሣጥን አስከፈትኩ። አንዱ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ አልነሣም ቢል «ያልሰረቀ ምን ያስፈራዋል?» አልኩት በገዛ አፌ። ሣጥኑ ሲከፈት ብሩ የለም። ያለው ከምግብ ቤት የተረፈ ቍርስራሽ ዳቦና ድርቆሽ ነው፤ ለታናናሾቹ ሊወስድላቸው ያጠራቀመው ኖሯል። ልጆቹ አዩ፤ አንዳንዶቹም ሳቁ። ብሩ በማግስቱ ከባለቤቱ ከራሱ መጽሐፍ ልባስ ውስጥ ተገኘ። ልጁን ጠርቼ ይቅርታ ብጠይቀው መሬት መሬት እያየ «ምንም አይደለም ጋሼ» አለኝ። ለፋሲካ ዕረፍት ሄደ፤ ከዚያም አልተመለሰም። የቀረው በዚያ ምክንያት ነው ብዬ ለመናገር ማስረጃ የለኝም፤ አይደለም ብዬ ለመተኛትም አልቻልኩም።

ከዚህ የተማርኩት፣ ስሕተት ያለበትን ክርክር በመጽሐፍ ላይ ማወቅ ቀላል መሆኑን ነው። አስቸጋሪው ሥልጣን በእጅ ባለ ጊዜ፣ በተለይም ምክንያቱ መልካም በሆነ ጊዜ፣ ከራስ አፍ ሲወጣ ማወቁ ነው። ኃላፊው ቸር ነበሩ፤ እኔም ሌባ ለመያዝ ፈልጌ ነበር። ስለዚህ ለሚያነቡኝ ወጣቶች ሦስት ጥያቄዎች እተውላቸዋለሁ። አንደኛ፣ እዚህ ክርክር ውስጥ አስረዳ የተባለው ማን ነው፤ የሚያየው ነው ወይስ የሚታየው? ሁለተኛ፣ ያየው ሰው ሥልጣኑን አላግባብ ቢጠቀምበት ማን ያየዋል? ሦስተኛ፣ የተሰበሰበው ነገር በማንወደው ሰው እጅ ቢወድቅ እንዲህ እንከራከር ነበርን? እነዚህን ጥያቄዎች ተቃዋሚህን ከመጠየቅህ በፊት ራስህን ጠይቅ።

እናቴ ካረፈች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ከደብዳቤዎቿ የቀሩኝን አሁንም በመሳቢያዬ ውስጥ አኖራቸዋለሁ። ስለ በሬው የተጻፈው አንዱ ብቻ የእርሷን ድምፅ ያሰማኛል። የቀሩት «እኛ ደኅና ነን» ይላሉ።